«አቅማችን ስንት ነው?» ስለ ማምረት አቅም ክትትልና ቁጥጥር፣ ከአንድ ፋብሪካ ትዝታ ጋር

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስልክ ደውሎ «ስለ ፋብሪካ ተናገር፤ ግን ሰው እንዳታስተኛ» ብሎኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ከባድ ነው፤ ለማንኛውም እሞክራለሁ። የሚያንቀላፋ ካለ አልቀየምም። እኔም ከምሳ በኋላ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ስንቴ እንደተኛሁ የሚያውቁ አንድ መምህሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ጠዋት ሻይ ላይ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፤ «ከሁሉም በላይ ስታንኮራፋ ነበር የሚያናድደኝ» ብለውኛል።

እኔ የ1979 ባች ነኝ፤ ጨርቃ ጨርቅ። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ባሕር ዳር ላይ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር። ወዲያው ደግሞ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ መጣ። ፋብሪካ፣ መብራት፣ ትምህርት ቤት። ያንን ያቀዱ ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር ማለት ነው፤ የፋብሪካ አቅም ማሽኑ ብቻ አይደለም። እኔ ግን ይህን የተረዳሁት ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ሰው ከጎዳሁ በኋላ። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ሒሳብ። የጨርቃ ጨርቅ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ።

አንድ የፈትል ማሽን፣ ሪንግ ፍሬም የምንለው፣ 1,008 እንዝርት አለው እንበል። እንዝርቱ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ይሽከረከራል። 20 ቁጥር ክር ለመፍተል በሜትር 750 ያህል ጥምዝ ያስፈልጋል። 12,000 ለ750 ሲካፈል 16 ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ እንዝርት በደቂቃ 16 ሜትር ክር ይሰጣል፣ በሰዓት 960 ሜትር። የዚህ ክር 1,000 ሜትር 29.5 ግራም ስለሚመዝን፣ በሰዓት ከአንድ እንዝርት 28 ግራም ይወጣል፤ ከማሽኑ 28 ኪሎ ተኩል። በስምንት ሰዓት ፈረቃ 228 ኪሎ። ይህ ማሽኑ አንዲት ደቂቃ ሳይቆም፣ አንድም ክር ሳይበጠስ የሚሰጠው ነው። በወረቀት ላይ ያለ አቅም እንግዲህ ይሄ ነው።

አሁን ያንኑ ማሽን 40 ቁጥር ክር ፍተልበት። ክሩ ሲቀጥን ጥምዙ መብዛት አለበት፣ ወደ 1,060 ይደርሳል፤ ክሩ ደግሞ በግማሽ ቀለለ። ስሌቱን ሠርታችሁ ስታዩት ከአንድ እንዝርት በሰዓት የሚወጣው 10 ግራም ብቻ ነው። ማሽኑ ያው፣ ሠራተኛዋ ያችው፣ መብራቱ ያው። «አቅም» የተባለው ግን ሲሶ ሆነ። ታዲያ የፋብሪካው ዕቅድ በቶን ሲሰጥ ምን ይከተላል? ሥራ አስኪያጁ ወፍራም ክር ይፈትላል። ገበያው ቀጭን ክር ይጠይቃል፣ መጋዘኑ በወፍራም ክር ይሞላል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን «ዕቅድ ክንውን 104 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ሥራ ስጀምር፣ በአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ዘመን፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከመቶ በላይ የሞላ ፋብሪካ ሁሉ ጭብጨባ ይቀበል ነበር። ከመቶ በላይ የሚሞላ እንስራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድም እንስራው ተሳስቶ ተለክቷል፣ አንድም ውኃው መሬት እየፈሰሰ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ፋብሪካችን በ60 በመቶ አቅሙ እየሠራ ነው» ሲላችሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከምን 60 በመቶ?» ነው። ከአምራቹ ካታሎግ? በሦስት ፈረቃ ወይስ በሁለት? በየትኛው ምርት? ባለፈው ዓመት ምርጥ ከሆነው ወር? አራት ሰዎች አራት የተለያየ ቁጥር ይዘው ሁሉም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የአገራችን የአምራች ኢንዱስትሪ ጥናት ቅጾችም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ በሙሉ አቅም ያልሠራችሁበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥሬ ዕቃ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ መለዋወጫ፣ መብራት፣ ገበያ። ቅጹን የሚሞላው ሰው ብዙ ጊዜ እኔን የመሰለ ወጣት ቴክኒሻን ነው፤ ቀኑ አርብ ነው፤ ሰዓቱ አሥር ተኩል። ያለፈው ዓመት ቅጽ ላይ ያለውን ገልብጦ ይልከዋል። እኔ እንዲያ አድርጌአለሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ብቻዬን እንዳልሆንኩ ፊታችሁ ላይ አነባለሁ።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ፋብሪካውን በስም አልጠራውም። ባሕር ዳር ያለው አይደለም። ፈትል፣ ሽመናና ማቅለሚያ ያለው፣ ሦስት ፈረቃ የሚሠራ መካከለኛ ፋብሪካ ነበር። ዘመኑ የ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዕዝ ኢኮኖሚው ቀርቶ ፋብሪካዎች «ራሳችሁን ቻሉ» የተባሉበት ጊዜ። እኔ የምርት ዕቅድና ክትትል ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ክፍሉ እኔ፣ አንድ ጸሐፊና አንድ እጀታው የሚንሿሿ የሒሳብ ማሽን ነበርን።

180 የሽመና ማሽኖች ነበሩን። ቁጥሮቹን ለንግግር እንዲመቹ አጠጋግቼአቸዋለሁ። አንዱ ማሽን በደቂቃ 180 ማግ ይመታል፤ ጨርቁ በሴንቲ ሜትር 22 ማግ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት አምስት ሜትር ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። በ80 በመቶ ብቃት 3.9 ሜትር። ለ180 ማሽን በሰዓት 700 ሜትር ግድም። ሪፖርቴ ግን በየወሩ ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። ከዚያም በላይ አንድ የሚገርም ነገር ነበረው፤ የሌሊቱ ፈረቃ ከቀኑ ፈረቃ ይበልጣል። በየወሩ። ሌሊት ሰው ይደክማል፣ ያንቀላፋል፣ ተቆጣጣሪው ይቀንሳል። ሆኖም የሌሊቶቹ ምርት ይበልጣል።

አለቃዬ ቁጥሩን ሲያይ ትርጉሙ ወዲያው ታየው፤ «የቀኖቹ ወሬ ያበዛሉ፤ ሻይ ያበዛሉ።» በዚያ ላይ የቀኑ ፈረቃ አለቃ አፉን የማይዝ፣ በስብሰባ ላይ የሚከራከር ሰው ነበር። ንጽጽሩን በሠንጠረዥ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አዘጋጀሁ። በቀለም እርሳስ ግራፍ ሠራሁበት፤ የሌሊቱ በአረንጓዴ፣ የቀኑ በቀይ። ከታች ፈረምኩ። በዚያ ወረቀት የቀኑ ፈረቃ ሠራተኞች የሩብ ዓመት ማበረታቻ ቀረ፤ የፈረቃው አለቃም ከቦታው ተነሥቶ መጋዘን ተመደበ። አሥራ ስምንት ዓመት ማሽን ላይ የኖረ ሰው ጣቃ ቆጣሪ ሆነ። እኔ ቁጥር ብቻ ነው ያቀረብኩት ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሁለተኛው ውሳኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «አቅም አነሰን» ተባለ፤ ከባንክ ብድር ተወስዶ 36 የሽመና ማሽን ተገዛ። የአቅም ጥናቱን ማን ጻፈ? እኔ። አዲሶቹ ማሽኖች ተተከሉ፣ ተባረኩ፣ ሪባን ተቆረጠ። በሦስተኛው ወር ጠቅላላ ምርታችን የጨመረው ከቁጥር የማይገባ ነው። ማሽን ጨምረን የሚቆሙ ማሽኖችን አበዛን።

እዚህ ላይ አንዲት ሴት ላስተዋውቃችሁ። ስማቸውን ፈቃድ ስላልጠየቅሁ አልጠራም፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። የሳይዚንግ ክፍል መዝጋቢ ነበሩ። ሳይዚንግ ለማታውቁት፣ ድሩ ወደ ሽመና ከመግባቱ በፊት በስታርች ሙጫ ይነከራል፤ በእንፋሎት በሚግሉ ሲሊንደሮች ላይ ዞሮ ይደርቃል፤ ከዚያ ቢም በምንለው ትልቅ ጥቅል ላይ ይጠመጠማል። ሙጫ ያልጠጣ ድር የሽመናውን ፍትጊያ አይችልም፣ ይበጣጠሳል። ስለዚህ 180ውም፣ በኋላም 216ቱ ማሽን፣ የሚቀለበው ከዚህ ከአንድ ሳይዚንግ ማሽን ነው።

እትዬ ሥራቸው በየፈረቃው የወጣውን ቢም ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ አልፈው በራሳቸው ደብተር፣ ሰማያዊ ልባስ ባለው የትምህርት ቤት ደብተር፣ እያንዳንዱ ቢም የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ይጽፉ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ቢም ዘገየ ብለው ሲመጡብኝ የማሳየው እንዲኖረኝ ነዋ» አሉኝ። ራስን ለመከላከል የተጀመረ መዝገብ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስለ ሌላ ጉዳይ ክፍላቸው ገብቼ ሳለሁ ማሽኑ እየተንፏቀቀ ነበር። «ዛሬ ምን ነካው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ብቻ መሰለህ? ማቅለሚያ ቤት ሲከፈት የኛ ይቀዘቅዛል። ማታ ሲዘጉ ይሞቃል። ይኸው ስንት ዓመቴ» አሉኝ። ደብተሩን ገለጡልኝ።

ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ማቅለሚያው የሚሠራው ሁለት ፈረቃ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት። ሁለቱም ክፍሎች እንፋሎት የሚያገኙት ከአንድ ቦይለር ነው። ማቅለሚያው እንፋሎቱን ሲስብ የሳይዚንጉ ሲሊንደሮች ይቀዘቅዛሉ፤ ድሩ እርጥብ ሆኖ እንዳይጠቀለል ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሌሊት በደቂቃ 30 ሜትር የሚሄደው ማሽን ቀን 12 ይሄዳል። ለሙጫ ማፍሊያ፣ ለጥቅል መቀየሪያና ለመሳሰለው የሚቆመውን ቀንሳችሁ 60 በመቶውን ጊዜ ይሠራል ብትሉ፣ ሌሊት በሰዓት 1,080 ሜትር፣ ቀን 432 ሜትር ነው። 432ን ለ3.9 አካፍሉት፤ 110 ማሽን። (ድሩ ሲሸመን የሚያጥረውን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ መምህራን እንዳትቆጡኝ። ብትጨምሩት ነገሩ የባሰ ነው።) ቀን ቀን 180 ማሽን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ የሚቀለበው 110 ነው። «ሌሊት የሚተርፈውን አከማችታችሁ ቀን አትጠቀሙበትም ወይ?» ትሉኛላችሁ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትርፉን የምንጠቀልልበት ባዶ ቢም አልነበረንም። ያሉን ቢሞች ሁሉ ማሽን ላይ ነበሩ። ለትርፍ ቢም መግዣ በጀት ተጠይቆ «አስቸኳይ አይደለም» ተብሎ ቀርቷል። ማን ነበር አስቸኳይ አይደለም ያለው እንዳትሉኝ።

እንግዲህ የቀኑ ፈረቃ ሰነፍ አልነበረም። ድር አልነበረውም። ሠራተኞቹ ሻይ ያበዙት ማሽናቸው ቆሞ ነው። ያ የተነሣው የፈረቃ አለቃ በስብሰባ ላይ ይጮህ የነበረውም ይህንኑ ነው፤ «ቢም አይደርሰንም!» ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ «የቀኑ ፈረቃ አለቃ ልዩ ልዩ ምክንያቶችን አቅርበዋል» ብዬ ነው የጻፍኩት። የእኔ ቅጽ ላይ ማሽን የቆመበትን ምክንያት መጻፊያ ሦስት ሣጥን ብቻ ነበር፤ «ብልሽት»፣ «የሠራተኛ ጉድለት»፣ «መብራት»። «ድር ጠበቀ» የሚል ሣጥን አልነበረም። ሣጥን የሌለው ነገር ደግሞ የለም ማለት ነው።

ለአለቃዬ ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ «ብድሩ ወጥቷል፤ ማሽኑ ተተክሏል። አሁን ይህን ወረቀት ብናወጣ ሁለታችንም እንጠየቃለን» አለኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ገደማ ዝም አልኩ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር በጥገና ስም ሥራውን ቀስ በቀስ ማስተካከል ነው። የሚያፈሱ የእንፋሎት ወጥመዶችን፣ ስቲም ትራፕ የምንላቸውን፣ አስቀየርን። ተራቁቶ የነበረውን ቧንቧ አለበስነው። የማቅለሚያውን ትልልቅ ገንዳዎች ማሞቂያ ሰዓት አፈራረቅን፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ጠዋት እንዳይከፍቱ። ጥቂት ትርፍ ቢሞችን በግቢው ወርክሾፕ ሠራን። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ አዲስ የሽመና ማሽን ዋጋ በታች ነው የፈጀው። የቀኑ ምርት ከሌሊቱ ጋር ተስተካከለ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም። ጥሩ ቁጥርን ማን ይጠይቃል?

የቀኑ ፈረቃ አለቃ ግን ከመጋዘን አልተመለሰም። እዚያው ጡረታ ወጣ።

እስራኤላዊው ጎልድራት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው «ዘ ጎል» በተባለው መጽሐፉ ስለ ማነቆ የጻፈውን ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፤ የፋብሪካ አቅም የማነቆው አቅም ነው፣ ማነቆ ላይ የጠፋ ሰዓት የመላው ፋብሪካ ሰዓት ነው፣ ማነቆ ባልሆነ ቦታ የተቆጠበ ሰዓት ግን ምንም አይደለም። እኔ መጽሐፉን ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሳነበው ፊቴ ቀላ። የእትዬ ደብተር ቀድሞኝ ነበር። ልጨምርበት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኛ አገር ማነቆው ብዙ ጊዜ የምርት መስመሩ ላይ አይታይም። ቦይለር ቤት ነው፣ ውኃ ማጣሪያ ነው፣ ኮምፕረሰር ነው፣ ጉምሩክ መጋዘን የተኛ አንድ ቤሪንግ ነው፣ ወይም ገና ማሳ ላይ ያለ ጥጥ ነው። የማሽን ዝርዝር ይዛችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። ሁለት ክፍል የሚጋሩትን ነገር ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ተደብቆ ነው የሚገኘው።

ስለ መለኪያውም ትንሽ ልበል፤ ወጣት መምህራን ስላላችሁ። ጃፓናዊው ሴይቺ ናካጂማ ያስፋፋውን የመሣሪያ ውጤታማነት ስሌት ታስተምራላችሁ፤ ማሽኑ ሊሠራ ከታቀደለት ጊዜ ስንቱን ሠራ፣ ሲሠራ ከሚገባው ፍጥነት በስንቱ ሄደ፣ ከወጣው ምርት ስንቱ እንከን የለሽ ነው፤ ሦስቱን አባዛ። የዚህ ስሌት ውበቱ ርኅራኄ የሌለው መሆኑ ነው። ከ480 ደቂቃ 370 ሠራን፣ 77 በመቶ፤ አያሳፍርም። ፍጥነት 86፤ ደህና ነው። ጥራት 95፤ ጎሽ። ሲባዛ ግን 63 ይሆናል። ሦስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ደህና ነን ብለው በደስታ ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ከሲሶ በላይ የሚሆነው አቅም የት እንደገባ አይታወቅም። ካይዘን በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ 30 በሚሆኑ ድርጅቶች በሙከራ ተጀምሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ይህ ዓይነቱ አቆጣጠር ወደየፋብሪካው ገብቷል፤ መልካም ነው። እኔ የማየው ችግር ስሌቱ ላይ አይደለም። ማነቆ ያልሆነ ማሽን ላይ ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ መሯሯጥ እንደ እኔ 36 ማሽን ነው፤ የማይፈለግ ክር በፍጥነት ማምረት ነው። የእኛ ሳይዚንግ ማሽን በዚህ ስሌት ቢለካ ፍጥነቱ ቀን 40 በመቶ መሆኑ በመጀመሪያው ሳምንት ይታይ ነበር። ማንም አልለካውም፤ «ዋናው ምርት ሽመና ነው» ስለሚባል ሁላችንም ሽመናው ላይ ነበርን።

ቁጥጥር የሚለውን ቃላችንን አስቡት እስቲ። ከመቁጠር የወጣ ቃል ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ቁጥጥር ሲባል ሰው ሁሉ በር ላይ የሚፈትሽ ዘበኛ ነው የሚታየው። «ቁጥጥር መጣ» ሲባል የሚያወራው ዝም ይላል፣ የቆመው ይንቀሳቀሳል፣ ደብተር ይታረማል። ክትትል ማየት ነው፤ ቁጥጥር ደግሞ ባየኸው ነገር ላይ እጅህን አስገብተህ መለወጥ ነው፤ ከተቻለ በዚያው ሰዓት። ወር ጠብቆ የሚመጣ ሪፖርት መርዶ እንጂ ቁጥጥር አይደለም። በኋላ በሠራሁበት ሌላ ፋብሪካ ማነቆው ማሽን አጠገብ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልን፤ በየሰዓቱ የታቀደው፣ የተሠራው፣ ልዩነቱ፣ ምክንያቱ። በጠመኔ። ምክንያቱን የሚጽፈው ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ነው፤ በራሱ ቃል እንጂ በእኔ ሣጥን አይደለም። አለቆች በሁለት ሰዓት አንዴ ያልፋሉ፤ ደንቡ አንድ ነበር፦ ሰሌዳው ላይ በተጻፈ ነገር ማንም አይቀጣም። ሰሌዳው ቆዳ እንዲኖረው ያደረገው ይህ ደንብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም «ደህና» እያለ ይጽፍ ነበር። በሁለተኛው አንዱ ደፍሮ «መካኒክ ጠርቼ 50 ደቂቃ ጠበቅሁ» ብሎ ጻፈ። ሁሉም ሰው ምን ይሆን ይሆን ብሎ አየ። ምንም አልሆነም፤ መካኒኩ ወንበሩ ወደ ማሽኑ ቀረበ እንጂ። ከዚያ በኋላ መጻፊያ ጠበባቸው።

እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ጉድሃርት መለኪያ ዒላማ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል በሚለው ሐሳብ ስሙ ይነሣል። ፋብሪካ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚስት አያስፈልገውም። እኔ በቀይና በአረንጓዴ የሠራሁት ግራፍ ከተለጠፈ በኋላ የቀኑ ፈረቃ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ፤ የሜትር ቆጣሪውን በእጅ ማዞር ጀመሩ። ሰው ልጆቹን ማብላት አለበት። የሽመናው ሜትርና የማጠናቀቂያው ሜትር መገጣጠም ሲያቅተው ነው የታወቀው። ተናደድኩባቸው ያኔ። አሁን ግን ትክክለኛ ቁጥር የሚሰጥበትን ምክንያት ያጠፋሁት እኔ መሆኔ ይታየኛል።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል ይባላል። ማሽን ላይ ትንሽ ሴንሰር ትለጥፋለህ፣ ስልክህ ላይ ይነግርሃል። ልጄ ባለፈው ዓመት አሳይታኛለች፤ የሞተሩን የመብራት ፍጆታ ብቻ ለክቶ ማሽኑ መሥራቱንና መቆሙን የሚናገር፣ ዋጋው ከአንድ ጥሩ ጫማ የማይበልጥ ዕቃ። በጣም ደስ ብሎኛል፤ እኔ በነበርኩበት ዘመን ቢኖር ስንት ነገር ይቀል ነበር። ሴንሰሩ ማሽኑ ከ3፡10 እስከ 3፡55 እንደቆመ ይነግራችኋል። ለምን እንደቆመ ግን የምትነግራችሁ አሁንም እትዬ ናቸው።

ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካ ትልካላችሁ፤ ሲመለሱ የፋብሪካውን ታሪክ፣ የድርጅቱን መዋቅርና የማሽን ዝርዝር ገልብጠው ሪፖርት ያቀርባሉ። እኔም እንዲሁ አቅርቤ «ሀ» አግኝቻለሁ። እባካችሁ ይህን አስቀሩትና አንድ ማሽን ምረጡላቸው፤ አምስት ቀን አጠገቡ ይቁሙ፤ የቆመበትን እያንዳንዱን ደቂቃና ምክንያቱን፣ ኦፕሬተሩ በሚናገርበት ቃል፣ ይጻፉ። ሌላ ምንም አይጠበቅባቸው። ከዚያ ያንን ቁጥር ከፋብሪካው ሪፖርት ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ ላይ የሚጽፉት ሁለት ገጽ ከሰማንያ ገጹ ይበልጣል። ፋብሪካዎች በራቸውን እንዲከፍቱ ደግሞ እኛ፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ እናግዛለን። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቢያንስ አሥራ አምስቱ የፋብሪካ ቁልፍ በኪሳቸው አለ፤ ስማችሁን አልጠራም፣ ኮሚቴው ግን በሻይ ሰዓት ይመጣባችኋል።

ያ የፈረቃ አለቃ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ቤቱ ሄጄ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ቦይለሩ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቃለ ጉባኤው። እስክጨርስ ዝም አለ። ከዚያ «አውቄው ነበር እኮ» አለኝ። «ቢም እንደሌለ ማን ያጣዋል? እኔን የገረመኝ አንተ የተማርከው መሆንህ ነው።» ቡና ተፈልቶልኝ ጠጥቼ ወጣሁ። ይቅርታ አደረገልኝ ብዬ መናገር አልችልም። ሲሸኘኝ በሩ ድረስ መጣ፤ እሱን አውቃለሁ።

እትዬም ዐረፉ። ደብተራቸውን ጡረታ ሲወጡ ሰጥተውኝ ነበር፤ «ለኔ አይሆነኝም፣ አንተ ቁጥር ትወዳለህ» ብለው። ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ለትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ላስረክበው አስቤአለሁ፣ ከተቀበላችሁኝ። አሁን ከመድረኩ ስወርድ እዚያ በስተቀኝ ያለው ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። ማየት የምትፈልጉ እዩት፤ የደረቀ ሙጫ የያዛቸው ገጾች ስላሉ ግን ቀስ ብላችሁ ግለጡት።